አጥሩ ጋ የቆመው ልጅ

የእህቴ ባል ኤልዉድ ታብ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጭቃ ሲረግጥ የኖረ ሰው ነው። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራው ነው። የእኛ ከተማ ጡብ የሚሠራው እንደ ጥንቱ ነው። አፈሩ በብርዱ ወራት ተቆፍሮ ውርጭ ይመታዋል፤ ሙቀቱ ሲገባ ጉድጓድ ውስጥ ተጨምሮ ውሃ ይፈስበትና በባዶ እግር ይረገጣል። ጭቃው መድረስ አለመድረሱን ኤልዉድ አይቶ አይደለም የሚያውቀው፤ አዳምጦ ነው። «መጀመሪያ ይንጫጫል፤ ሲበስል ዝም ይላል። ሰውም እንደዚያው ነው» ይላል።

«ታዲያ አንተ መቼ ነው የምትበስለው?» እለዋለሁ። አፉ አያርፍማ!

ከተማችን አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለች የድሮ ዘመን ማሳያ ናት፤ እኛ ዘንድ ግን ሁልጊዜ ሺህ ሰባት መቶ ሰባ አራት ነው። ጠዋት መኪናችንን ከዛፎቹ ጀርባ እናቆማለን፣ የዚያን ዘመን ልብስ እንለብሳለን፣ ስልካችንን እዚያው መኪናው ውስጥ እንቆልፍበታለን። ከዚያ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ የምንገዛው ለእንግሊዝ ንጉሥ ነው፤ እኔና ኤልዉድ ደግሞ ጌታ ያለን ባሮች ነን። ሰው ልጆቹን ይዞ፣ ትኬት ቆርጦ፣ ሊያየን ይመጣል። እኔ ኦዜላ የትልቁ ቤት ወጥ ሠሪ ነኝ፤ ዶሮ እነጫለሁ፣ የበቆሎ ቂጣ አመድ ላይ እጋግራለሁ፣ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እመልሳለሁ። እሱ ከእኔ ኩሽና ጀርባ ጡብ ግቢው ውስጥ ነው። በመካከላችን አንድ የጣውላ አጥር ብቻ ስላለ የሚያወራው ሁሉ ይሰማኛል፤ ወደድኩም ጠላሁም።

ሕጋችን አንድ ነው። ልብሱን ከለበስክ የዚያ ዘመን ሰው ነህ፤ ንጉሡ ራሱ ቢመጣ ከዚያ ዘመን አትወጣም። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ ጣደፍ ጣደፍ እያለች መጥታ መጸዳጃ ቤቱ የት ነው ብትለኝ «እሜቴ፣ ከጎተራው ኋላ ደህና ቁጥቋጦ አለ» ብዬ ልትመታኝ ምንም አልቀራት። እንዲህ ነው የምንኖረው። ይህችን ሕግ ከኤልዉድ የበለጠ የጠበቃት ሰው የለም፤ ዋጋዋንም ከእሱ የበለጠ የቀመሰ የለም።

ኤልዉድ በልብሱ ውስጥ ፖምፒ ነው የሚባለው። ፖምፒ የሚባል ጡብ ሠሪ ባሪያ በእውነት እዚህ ኖሯል። ጌታው ለወንድሙ የጻፈው ደብዳቤ በመዝገብ ቤት አለ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ፈረሶቹ አውርቶ አውርቶ መሐል ላይ እንዲህ ይላል፦ «የፖምፒን ልጅ ለካሮላይና ሰው ሸጥኩት። ፖምፒ ከዚያ ወዲህ ሥራው ልል ሆኗል።» በቃ፣ ይኸው ነው። የልጁ ስም እንኳ የለም። ኤልዉድ ይሠራበት የነበረው መርከብ መሥሪያ ሲዘጋበት እዚህ ተቀጥሮ፣ በመጀመሪያው ዓመት ይህችን ደብዳቤ አንብቦ ሦስት ቀን ምግብ አልቀመሰም። ለልጁ ሳምሶን የሚል ስም አወጣለት። «ያን ልጅ የሚጠራው ሰው የለም፣ ዜላ። እኔ ካልጠራሁት ማን ይጠራዋል?» አለኝ። ስለዚህ አጥሩ ጋ የቆመ ጎብኚ «ልጆች አሉህ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ደግሞ የማይጠይቅ የለም፣ ኤልዉድ ኮፍያውን አውልቆ ስለ ሳምሶን ይናገራል። ሲናገር ደግሞ አቤት! ድንጋይ ያስለቅሳል።

የራሱ ልጅ ላማር ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱ፣ የኔዋ እህት ኮሪን፣ ይዛው ትመጣለች። ትንሿን ሸሚዝና ቁምጣ አልብሰነው አባትና ልጅ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ጭቃ ይረግጣሉ። «አባዬ! አባዬ!» ይላል፤ ኤልዉድም «ወዬ! ወዬ!» ይለዋል። ቅዳሜ ማለዳ ሰው ሳይገባ ነበር እንዲህ የሚሆኑት፤ ትኬት ቆራጩ በሩን ሲከፍት ላማር ወደ እኔ ኩሽና ይገባና ዝንጅብል ኬኬን ሲያራቁት ይውላል።

ልጁ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው፣ በግንቦት፣ ከትምህርት ቤት የክፍሉን ልጆች ለጉብኝት አመጧቸው። ላማር ከሳምንት በፊት ጀምሮ ጉራውን ሲነዛ ከርሟል። «ጡብ ሠሪው አባቴ ነው። ሲያየኝ ይጠራኛል፤ እናንተንም ጉድጓድ ውስጥ ያስገባችኋል፤ እኔ ነኝ የማሳያችሁ» ብሎ ለክፍሉ ሁሉ ቃል ገብቷል። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

ያን ቀን ጡብ ግቢው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ኤልዉድ የሳምሶንን ነገር መሐሉ ላይ አድርሶታል። ላማር ሰውን በክርኑ እየገፋ አጥሩ ጋ ደረሰና እጁን ወደ ላይ አውጥቶ «አባዬ!» አለ።

እኔ ኩሽና ሆኜ ሰምቻለሁ። አሁን «ወዬ» ይለዋል ብዬ ጠበቅሁ። ወዬ ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ሞኝ እንኳ ይላታል።

ኤልዉድ ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ ልጁን ዓይን ዓይኑን አየና «ተሳስተሃል፣ ጌታው። እኔ ልጅ የለኝም። አንድ ነበረኝ፤ ሸጡብኝ» አለው።

አንዲት አሮጊት ጎብኚ ተንሰቀሰቀች። ከዚያ ከላማር ኋላ አንድ የክፍሉ ልጅ ኪኪኪ ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። ላማር እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። መምህሯ ወደ አንጥረኛው ቤት ወሰደቻቸው።

ማታ ቤቱ ሄጄ ጮህኩበት፣ አልዋሽም። ኮሪንማ ራቱን አላቀረበችለትም። እሱ «ሕጉ ነው፤ ማታ አስረዳዋለሁ ብዬ ነው» ይላል። አስረዳው። ልጁም «እሺ፣ ጌታዬ» አለው። የእኛ አገር ልጅ ለታላቁ «ጌታዬ» ይላል፤ ጨዋነት ነው፤ ማንም ልብ አይልም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አባዬ የምትባለው ቃል ከዚያ ቤት ወጣች። «እሺ፣ ጌታዬ። አይ፣ ጌታዬ። ደህና ነኝ፣ ጌታዬ።» ባሪያ ለጌታው የሚላትን ቃል ልጁ ለአባቱ ሲላት ኖረ። ጡብ ግቢውንም ዳግመኛ አልረገጠም። ተማረ፣ አትላንታ ሄደ፣ የጥርስ ሐኪም ሆነ፣ አገባ፣ ወለደ። ኮሪንን ስንቀብር የአባቱን ክንድ ይዞ ነበር፤ በክንዱ ይዞትም «እዚህ ጋ እንዳይሰናከሉ፣ ጌታዬ» ነው ያለው።

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ይህን ያለው ሰውዬ ወልዶ አያውቅም።

ኤልዉድ ከዓመታት በኋላ አንድ ነገር ነገረኝ፤ ለእኔ ብቻ። «ዜላ፣ ሕጉን ብቻ ብዬ አይደለም። የልጁ ፊት ሲለወጥ አየሁት። ያን ፊት አይቼ ነው ቀጣዩን የተናገርኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳምሬ ተናግሬ አላውቅም።» ሰውን እንዲህ ሲናዘዝ መስማት ደስ አይልም፤ ጠላሁትም፣ አንጀቴንም በላው።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አለፈው። ዘንድሮ ኤልዉድ ጡረታ ሊወጣ ነው፤ የመጨረሻውን የጡብ እሳት ካነደደ በኋላ በቃ።

በነሐሴ አንድ ሐሙስ ዶሮ እየነጨሁ ሳለ በጓሮ በር ገባ። ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ዜላ፣ ደወለ።»

«ማን?»

«ማን ይሆናል! ላማር ነዋ። ቅዳሜ ይመጣሉ፤ እሱ፣ ሬኔ፣ ልጅቷም። ካሚል ናት አሉ አላስቀምጥ ያለችው፤ ትምህርት ቤት ስለ ድሮ ዘመን ጻፉ ተብለው...»

ይኼኔ አንድ ቤተሰብ በፊተኛው በር ዘው አለ። አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆች፣ ሁሉም የውሃ ጠርሙስ የያዙ። ኤልዉድ ምራቁን እንኳ ሳይውጥ «...እና የጌታው እንግዳ ቅዳሜ በሠረገላ ይደርሳል ነው የሚሉት» አለ።

«በሠረገላ?» አልኩ ዶሮዬን እየገለበጥሁ። «ከሩቅ ነው?»

ከአትላንታ ሊል አፉን ከፈተ፤ በዚያ ዘመን አትላንታ የምትባል የለችም። ዋጣትና «ከደቡብ። ከጫካው ማዶ» አለ።

«ታዲያ አንተን ምን አንቀጠቀጠህ?»

«ምን ለብሼ ልቀበለው?»

«ያለህን አንድ ሸሚዝ ነዋ! ባሪያ ስንት ልብስ አለው?»

ጎብኚዎቹ ሳቁ። ከልጆቹ አንዷ ዶሮው በሕይወት አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንደሌለ ነገርኳት። ሲወጡ ጠብቄ በሩን ገፋ አደረግሁና «ስማ» አልኩት። «ጉድጓድህ ውስጥ ሆነህ ጠብቀው። ሥራህ ነው፤ የምታፍርበት የለህም። ሲጠራህ ወዬ በለው፤ በቃ።»

«አይጠራኝማ።»

«ቢጠራህስ?»

«በዚህ ልብስ ዳግመኛ እንዲያየኝ አልፈልግም፣ ዜላ። ፈቃድ ወስጃለሁ። እንደ ሰው ለብሼ ከበሩ ነው የምቀበለው። ቴሬል በእኔ ቦታ ይሠራል።» ከዚያ ኮፍያውን ማሽከርከር አቆመ። «ሌላ አልፈልግም። ቤት አይግዛልኝ፣ አይጡረኝ። አንዲት ቀን አባዬ ይበለኝ። እሷን ሰምቼ ልውጣ ከዚህ ግቢ።»

ልቀልድበት ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ኤልዉድ ታብን ብታዩት! ሰማያዊ ሸሚዝ ተተኩሶ፣ ሱሪው ጠርዝ ወጥቶለት፣ ጫማው ነጭ ስኒከር፣ ገና ከሣጥኑ የወጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጭቃ የረገጠ ሰው ለልጁ ብሎ ነጭ ጫማ ገዛ! እኔ ልብሴን እንደለበስሁ፣ ሻሼን እንዳሰርሁ፣ ወጥ ቤቱን ለባልደረባዬ ትቼ አብሬው በሩ ላይ ቆምኩ።

ላማር ከሩቅ ሲመጣ ኮሪንን መሰለኝ፤ አረማመዱ የእሷ ነው። ቀረበና እጁን ዘረጋ። «ደህና አደሩ፣ ጌታዬ።»

«ደህና አደርክ፣ ልጄ» አለ ኤልዉድ። ተጨባበጡ፤ ባንክ ቤት የተገናኙ ሰዎች ይመስሉ ነበር።

ካሚል ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አያቴ! ለምንድን ነው ልብስህን ያልለበስከው? እኔ እኮ ለጓደኞቼ ሁሉ ነግሬአለሁ!»

«ዛሬ ዕረፍቴ ነው፣ የኔ ማር።»

«አክስቴ ዜላ ግን ለብሳለች!»

«አክስትሽ ዕረፍት አታውቅም» አልኳት። ሬኔ፣ የላማር ሚስት፣ ዓይኗን ወደ እኔ ጣል አድርጋ ፈገግ አለች፤ ታሪኩን ታውቃለች ማለት ነው።

ዞርን። ሻማ ሠሪዋን አየን፣ አንጥረኛውን አየን፣ ከበሮ መቺዎቹ አልፈው ሄዱ። ኤልዉድ ከጭንቀቱ የተነሳ አስጎብኚ ሆኖ አረፈው። «ይህ ጣሪያ በዝግባ ሰሌዳ ነው የተሠራው፣ ያ የውሃ ጉድጓድ አርባ ክንድ ይጠልቃል» ይላል። ላማርም «እንዲያ ነው፣ ጌታዬ?» ይላል። ሌላ የለም። አደባባዩ ላይ ጥፋተኛ አንገቱንና እጁን የሚያስገባበት ባለ ቀዳዳ ሳንቃ ቆሟል፤ ሰው ሁሉ አንገቱን እያስገባ ፎቶ ይነሳል። ካሚልም ልትገባ ስትል ላማር «እዚያ ውስጥ አትገቢም» አላት። ለምን ስትለው «ምክንያቱም የሚያስቅ ነገር የለውም» አለ። ኤልዉድ ይኼን ሰምቶ ጫማውን አየ።

ሁለት ሰዓት እንዲህ አለፈ። ዝንጅብል ኬክ በላን። ኤልዉድ መንገዱን እያጣመመ፣ ከጡብ ግቢው እያራቀን እንደሆነ ገብቶኛል። በመጨረሻ ካሚል እግሯን ተከለች።

«ጭቃውስ? እኔ የመጣሁት ለጭቃው ነው!»

«ዛሬ ያቆሽሻል፣ የኔ ማር» አለ ኤልዉድ።

«ጭቃ ሁልጊዜ ያቆሽሻል፣ አያቴ!»

ላማር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሊል ከጀለው። «ይሁን፣ ጌታዬ» አለ። «ትየው።» አለና ራሱ ቀድሞ መንገዱን ያዘ። ሃያ ስድስት ዓመት አልመጣም፤ መንገዱን ግን አልረሳውም።

ጡብ ግቢው ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ሰው አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ቴሬል ጉድጓዱ ውስጥ ነው። ቴሬል የአውቶቡስ ሾፌር የነበረ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ ከፀደይ ጀምሮ ኤልዉድን ለመተካት ሲማር ከርሟል። የሚማረውም በቃሉ ነው፤ ኤልዉድ የሚላትን አንዲት ቃል አያስቀርም። አስተማሪውን ከሰው መሐል ቆሞ ሲያየው ፊቱ በራ፤ ዛሬ ሊያኮራው ነው። ኤልዉድ ሆዬ «ተወው» ለማለት ራሱን ነቀነቀለት፣ እጁን አወዛወዘ፤ ቴሬል «በርታ» ማለቱ መሰለው።

አንዲት የገለባ ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ «ልጆች አሉህ?» ብላ ጠየቀች። ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጠይቃል።

ቴሬል ኮፍያውን አወለቀ። ደረቱ ላይ አደረገ።

«አንድ ነበረኝ፣ እሜቴ። ሳምሶን ይባላል። ይህን ጭቃ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን ነበር የምንረግጠው። ለገና ማግስት ጌታው ወደ ካሮላይና ሸጠው። ጠዋት ስወጣ ተኝቶ ነበር፤ ማታ ስመለስ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ።»

ዝም አለ። ዝምታውም የኤልዉድ ነው፤ እስከ አምስት ቁጠር ብሎ ነው ያስተማረው። ከዚያ ቀጠለ።

«አንድ ቀን እዚሁ ስረግጥ አንድ ልጅ አጥሩ ጋ ቆሞ ‘አባዬ!’ ብሎ ጠራኝ። ልቤ ከቦታው ወጣ። ሳምሶን ነው ብዬ ቀና ስል የሌላ ሰው ልጅ ነው። የሚያምር፣ ጫማ ያደረገ፣ የሰው ልጅ። ‘ተሳስተሃል፣ ጌታው። እኔ ልጅ የለኝም’ አልኩት።»

ይህን ኤልዉድ ከጨመረበት ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እኔ ከአጥሩ ማዶ በየቀኑ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ብዙ ጊዜም ተናድጄበታለሁ። ላማር ግን አያውቅም ነበር። ከየት ያውቃል? ፊቱ አመድ ሆነ። የኤልዉድ ግን የባሰ ነበር። ይህን ነገር ከአፉ ሲያወጣው እንጂ በጆሮው ሲገባ ሰምቶት አያውቅም። አሁን አጥሩ ጋ፣ ልጁ በቆመበት ቦታ ቆሞ፣ ልጁ የሰማውን ሰማ።

ላማር ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህንንም ጨመሩበት፣ ጌታዬ?» አለው።

ኤልዉድ «ሌላ የምሰማበት ቦታ አጥቼ ነው» አለ። «እዚያ ታሪክ ውስጥ ግን በቀን ሦስት ጊዜ አባዬ ትለኛለህ።»

ላማር አንገቱን አዞረ። የልጁን እጅ ያዘ። «ካሚል፣ እንሂድ።»

«ጭቃውስ?»

«እንሂድ አልኩሽ።»

ሦስት እርምጃ ሄደዋል። እኔ እንግዲህ አለቀ አልኩ። በሆዴ ኮሪንን ጠራሁ፤ «አንቺ ሴትዮ፣ ነይና የጎለትሽልኝን ጉድ እይ» አልኳት። ዞር ስል ኤልዉድ አጠገቤ የለም።

በአጥሩ መሐል ጎንበስ ብሎ አልፏል። ከነተተኮሰ ሸሚዙ፣ ከነነጭ ጫማው ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰጠመ። ቴሬል ምን ያድርግ? ሕጉን መጠበቅ አለበት፤ «ጌታው፣ ምን... ምን ልታዘዝ?» አለ።

«ቴሬል፣ ተወው። ውሸት ነው» አለ ኤልዉድ። ወደ ሰዉ ዞረ። ያ ድንጋይ የሚያስለቅሰው ድምፁ የት እንደገባ እንጃ፤ ቅጥነቱ የሕፃን ነበር። «ያ አጥሩ ጋ የቆመው ልጅ የሌላ ሰው ልጅ አይደለም። የእኔው ነው። አላወቅሁትም ያልኩት አውቄው ነው። ፊቱ ሲለወጥ እያየሁ፣ እናንተን ለማስለቀስ ብዬ፣ የለኝም አልኩት። የፖምፒን ልጅ ሰዎች ናቸው የሸጡት። የእኔን የሸጥኩት ራሴ ነኝ። ሰው ፊት ስለካድኩት ሰው ፊት ልናገር። ላማር ይባላል። ያውላችሁ፣ ያ ነው!» ብሎ በጣቱ አሳየ።

ከዚያ ባለ ባርኔጣዋ ሴትዮ ማጨብጨብ ጀመረች። ጎኗ ያለው ተቀበላት። ሠላሳው ሰው አጨበጨበ። «ወይ አቀራረብ!» ይላል አንዱ። «እያለቀስኩ እኮ ነው፣ ከሰው መሐል እንዲወጣ ማድረጋቸው!» ትላለች ሌላዋ። አንድ ሽማግሌ በፉጨት አደመቀው።

«አታጨብጭቡ!» አለ ኤልዉድ። «ትያትር አይደለም! ኧረ ባካችሁ!»

ባሰባቸው። ስልክ አውጥተው ይቀርጹታል። ኤልዉድ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ወደ ግራ ዞረ፤ አንዲት ሐቅ ለመናገር ዕድሜውን ሙሉ ቆይቶ የሚያምነው ሰው አጣ። ሊወጣ እግሩን አነሳ፤ እግሩ መጣ፣ ጫማው ቀረ። ሁለተኛውን አነሳ፤ ሚዛኑን ሳተና በአንድ ጉልበቱ ዘጭ አለ። ጭብጨባው ቀለጠ።

እኔ ላማርን ነበር የማየው። ቆሞ አባቱን ያያል፣ የሚያጨበጭበውን ሕዝብ ያያል፣ እንደገና አባቱን ያያል። ከእኔና ከሬኔ በቀር፣ ከዚያ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ ነገሩ እውነት መሆኑን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ እሱና ያ ጭቃ ውስጥ የተንበረከከ ሽማግሌ። መጀመሪያ የአፉ ዳር ተንቀጠቀጠ። ማልቀሱ ነው ወይስ መሳቁ ነው እያልኩ ሳለ ሁለቱንም ሆነ።

«አባዬ!» ብሎ ጮኸ። «አባዬ፣ ኧረ ጫማህ! አዲስ እኮ ነው! ውጣ ከዚያ!»

ምን እንዳለ ራሱ የሰማው አይመስለኝም። አጥሩን ዘሎ፣ የራሱን ጫማ በእርምጃው እያወለቀ፣ ወደ ጉድጓዱ እየሮጠ ነበር። ካሚል ከኋላው «እኔም! እኔም!» እያለች ትከተላለች።

ኤልዉድ ግን ሰምቷል። በተንበረከከበት ቀረ። ጭቃው መድረሱን ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው ጭንቅላቱን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አደረገ።

«ወዬ!» አለ። «ወዬ፣ ልጄ!»

ከዚያ እጁን እስከ ክርኑ ጭቃው ውስጥ ከትቶ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።